የቅድስት ሐና ዕንባ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በጾመ ፍልሰታ ሱባዔ ውስጥ፣ ነሐሴ 7 ቀን፣ የእመቤታችንን የጽንሰት በዓል እናከብራለን። በዓሉ የደስታ ነው፤ ከደስታው በፊት ግን የአንዲት ሴት የብዙ ዓመት ዕንባ አለ።

የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚነግረን የቅድስት ሐና አባት ማጣት፣ እናቷ ደግሞ ሄርሜላ ይባላሉ። ባሏ ቅዱስ ኢያቄም ከዳዊት ወገን ነው። ሁለቱም እግዚአብሔርን የሚፈሩ ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ልጅ ግን አልነበራቸውም። በዚያ ዘመን ልጅ ያልወለደ ሰው እግዚአብሔር እንደረሳው ይቆጠር ነበርና ጎረቤት ያማቸዋል፣ ዘመድ ያሽሟጥጣቸዋል።

የሚያሳዝነው፣ የባሰው ነቀፋ የገጠማቸው በቤተ እግዚአብሔር ነው። መባ ይዘው ቤተ መቅደስ ቢሄዱ ልጅ የላችሁም ተብለው ተመለሱ። አንገታቸውን ደፍተው ሲመጡ ሐና በመንገድ ላይ ወፎች ከጫጩቶቻቸው ጋር ሲጫወቱ አየች። ለወፍ የተሰጠው ለእርሷ መከልከሉን አስባ ሆዷ ባባ፤ አምርራም አለቀሰች።

ኢያቄም ግን አልተዋትም። ሌላ ሴት ላግባ አላለም፤ ጥፋቱንም በእርሷ ላይ አልጣለም። አብረው ጾሙ፣ አብረው ጸለዩ፣ ልጅ ቢሰጣቸው ለቤተ መቅደስ ሊሰጡ ተሳሉ። ሐምሌ 30 ቀን ሁለቱም በሕልም ራእይ አዩ፤ ነሐሴ 7 ቀን እመቤታችን ተፀነሰች፣ ግንቦት 1 ቀን ተወለደች። 3 ዓመት ሲሞላት ስለታቸውን ፈጸሙ። ቅድስት ሐና ያረፈችበትን ቀን ኅዳር 11 እናስባለን።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። ሐና ዛሬ ወደ ደብራችን ብትመጣ እንዴት እንቀበላታለን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ ከ6 ሰዎች 1ዱ በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። እንግዲህ ሐና ሩቅ አይደለችም፤ በቅዳሴ ሰዓት ከጎናችን ቆማ ይሆናል።

ችግሩ ከሚስት፣ ከባል ወይም ከሁለቱም ሊመጣ ይችላል፤ የኃጢአት ምልክት አይደለም። ስለዚህ በክርስትና ድግስና በማኅበር ላይ ምነው ዘገየሽ እያልን ቁስሏን አንነካካ። ባሏንም ፍታት ብለን አንምከር። ስታለቅስ ምክር ከማብዛት አጠገቧ ቁጭ እንበል። ጠበል ስትሄድ አብረናት እንሂድ፤ ሐኪም ቤት ስትሄድም እምነት ጎደላት አንበል። የንስሐ አባቶችም ባልና ሚስቱን በአንድነት ያጽናኑ።

ለምነው ልጅ ያላገኙም አሉ። ክብራቸው ግን አይጎድልም። ኢያቄምና ሐና በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን የነበሩት ገና ሳይወልዱ ነውና።

የቅዱስ ኢያቄምና የቅድስት ሐና ጸሎትና በረከት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።