ምንጭ አጎልብቶ ከተማ ያጠጣው መሐንዲስ አንሪ ዳርሲ

በየገጠሩ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ግድብ ሲታሰብ ወይም ውኃ የተኛበት ማሳ ሲጠነፈፍ ባለሙያዎቹ ቦታውን ለክተው ወረቀት ላይ የሚያሰፍሩት ስሌት አለ። የዚህ ስሌት መነሻ ከ160 ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ሲሆን ባለቤቱም አንሪ ዳርሲ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። የዳርሲ ስም በትምህርት መጻሕፍት የሚነሳው ውኃ በአሸዋና በአፈር ውስጥ እንዴት እንደሚሰርግ ባገኘው ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ለገበሬ ማኅበር መሪዎችና ለውኃ ኮሚቴ አባላት ይበልጥ የሚቀርበው ከሕጉ በፊት ለትውልድ ከተማው የፈጸመው ሥራ በመሆኑ በዚህ ጽሑፍ ሰፋ አድርገን የምናየው እሱን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳርሲ በምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው በዲዦን ከተማ ጁን 10 ቀን 1803 ተወለደ። ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ በ1817 አባቱ ሞተ። እናቱ ግን ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ገንዘብ እየተበደረች አስተማሪ ቀጠረችለት። በ1821 ፓሪስ ወደሚገኘው ኤኮል ፖሊቴክኒክ፣ በ1823 ደግሞ የመንግሥት መሐንዲሶች ወደሚሠለጥኑበት የድልድይና የመንገድ ትምህርት ቤት ገባ። ተመርቆ ሥራ እንደ ጀመረም ብዙ ሳይቆይ ተዛውሮ ዲዦን ተመደበ።

በዚያን ዘመን የዲዦን ውኃ ለሰውም ለከብትም የማይመች ነበር። ሕዝቡ የሚቀዳው ከየግቢውና ከየአደባባዩ ጉድጓድ ሲሆን፣ መጸዳጃውና የከብት ፍጉ በአቅራቢያው ስለሚገኝ ፍሳሹ ወደ ጉድጓዶቹ ይሰርግ ነበር። ሱዞን የተባለው ትንሽ ወንዝ ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፤ ነገር ግን የከተማው ጥራጊና ፍሳሽ ሁሉ የሚጣልበት ክፍት የቆሻሻ ቦይ ሆኖ ነበር። በ1832 የኮሌራ ወረርሽኝ ፈረንሳይ ገብቶ በፓሪስ ብቻ ከ18,000 በላይ ሰው ጨረሰ። ኮሌራ በተበከለ ውኃ እንደሚተላለፍ የእንግሊዙ ሐኪም ጆን ስኖው በማስረጃ ያሳየው በ1854 ስለሆነ፣ ዳርሲ ሥራውን ሲያቅድ ይህ ገና አልታወቀም ነበር። ቢሆንም ንጹሕ ውኃ የሌለው ሕዝብ ጤና እንደማይኖረው ተረድቶ ነበር።

የከተማው አስተዳደር ችግሩን ለመፍታት አስቀድሞ ሞክሯል። ይኸውም በአንድ አደባባይ ላይ 150 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ውኃው በራሱ ግፊት ሽቅብ እንዲወጣ ነበር ተስፋው። ውኃው ተገኘ፣ ከፍም አለ፤ ነገር ግን መጠኑ ለከተማ የሚበቃ አልሆነም። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥራ በዚሁ ሲቀር አንዳንዱ ሌላ ጉድጓድ እንቆፍር፣ ሌላው ከወንዝ በሞተር እንሳብ እያለ ክርክሩ ቀጠለ። ዳርሲ ወደ ክርክሩ ከመግባት ይልቅ የጉድጓዱን ውኃ መለካት ጀመረ። ውኃው በምን ያህል ከፍታ ምን ያህል እንደሚሰጥ መዝግቦ፣ ጉድጓዱን መመርኮዝ እንደማያዋጣ በቁጥር አሳየ።

እሱ የመረጠው ከከተማው ውጪ በሱዞን ሸለቆ ውስጥ የሚገኘውን የሮዝዋር ምንጭ ነበር። ምንጩ ቀድሞም የታወቀ ነው። ወደ ከተማው ይምጣ የሚለው ሐሳብም ከዳርሲ በፊት ሲነሳ ሲወድቅ የኖረ ነው። ልዩነቱ ዳርሲ ሐሳቡን በልኬት አስደግፎ ማቅረቡ ላይ ነው። ምንጭ ማጎልበት ላይ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው ክረምት ላይ ሞልቶ የሚንፎለፎል ምንጭ ግንቦት ላይ ሊያሳፍር ይችላል። ስለዚህ የዳርሲ የመጀመሪያ ጥያቄ ምንጩ በድርቅ ወራት ምን ያህል ይሰጣል የሚል ነበር።

እቅዱን በ1834 ለከተማው ምክር ቤት አቀረበ። የመንግሥት ፈቃድ በ1837 መጨረሻ ላይ ተገኘ፤ ሥራው በማርች 1839 ተጀመረ። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1840 ውኃው ዲዦን ደረሰ። ፈቃድ ለማግኘት ከሦስት ዓመት በላይ፣ ውኃውን ከተማ ለማድረስ ደግሞ አንድ ዓመት ተኩል ወሰደ ማለት ነው።

ከምንጩ እስከ ከተማው ያለው ርቀት 12.7 ኪሎ ሜትር ነው። ዳርሲ ይህን ሁሉ መንገድ ከድንጋይ በተገነባና ከላይ በተዘጋ ቦይ ውኃውን አመጣው። ምንጩም የተሸፈነ፣ ቦዩም የተሸፈነ፣ ማጠራቀሚያውም የተሸፈነ ነበር፤ ውኃው ከዓለት ሥር ከወጣበት እስከሚቀዳበት ድረስ ፀሐይ አያየውም፣ ከብት አይገባበትም፣ ጎርፍ አይቀላቀለውም። ሞተርም ሆነ ማጣሪያ አልነበረውም። ውኃው የሚሄደው በመሬቱ ተዳፋት፣ በራሱ ክብደት ብቻ ነው። በየደቂቃው 8,000 ሊትር ያህል፣ ማለትም ባለ 200 ሊትር 40 በርሜል ይደርስ ነበር። በእኛ አስተያየት ከዳርሲ ሥራ ሁሉ ለገጠር ውኃ ሥራ የሚቀርበው ይህ ነው፤ ነዳጅ የማይጠይቅ፣ መለዋወጫ የማያስጠብቅ፣ ንጽሕናው ከመነሻው የተጠበቀ ውኃ።

ውኃው ከተማ ከደረሰ በኋላ ያለው አከፋፈል ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አለው። ከማጠራቀሚያው 28 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቧንቧ በከተማው ተዘረጋ። በየመንገዱም 142 ቦኖዎች በየ100 ሜትሩ ርቀት ተተከሉ። ውኃ ቀጂው ከቤቱ ብዙ ሳይርቅ፣ ያለ ክፍያ ይቀዳል። ከቦኖው የሚተርፈው ውኃ በመንገድ ዳር ቦይ እየፈሰሰ ጥራጊውን ያጥባል፤ እሳት ሲነሳም ከዚያው ይወሰዳል። ቤቱ ድረስ ቧንቧ ማስገባት የፈለገ ባለ ገንዘብ ይከፍላል፤ የቦኖው ውኃ ግን የሁሉም ነበር። ዳርሲ ድሃው በቅርቡ የሚያገኘው ነጻ ውኃ ከሁሉ መቅደም አለበት የሚል አቋም ነበረው። በጊዜው ብዙ የአውሮፓ ከተሞች ውኃውን ለነጋዴ ኩባንያ ሰጥተው፣ የማይከፍለው ከወንዝ የሚጠጣ እንደ ነበር ሲታሰብ የዚህ አቋም ክብደት ይታወቃል።

ለዚህ አገልግሎት ከተማው ለዳርሲ ሊከፍለው የሚገባ ብዙ ገንዘብ ነበር። እሱ ግን አልቀበልም አለ። ከተማው የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። ከዚህ ሌላ የተቀበለው ነገር ቢኖር በሕይወት እስካለ ድረስ ለቤቱ በነጻ የሚገባለት ውኃ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ዳርሲ የፓሪስና የሊዮን የባቡር ሐዲድ በዲዦን በኩል እንዲያልፍ ጥሯል። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው በብሌዚ ተራራ ሥር ለሚያልፈው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻም ጥናቱን ያዘጋጀው እሱ ነው። በ1848 ግን በፈረንሳይ አብዮት ተነስቶ ንጉሡ ወረደ። አዲሶቹ ሹማምንት ዳርሲ በአካባቢው ያለውን ተሰሚነት በመፍራት ከዲዦን አነሱት። በትውልድ ከተማው ይህን ያህል የደከመ ሰው በፖለቲካ ምክንያት ከሥራው መነሳቱ የሚያሳዝን ነው። ብዙ ሳይቆይ ግን ወደ ፓሪስ ተጠርቶ የዋና ከተማዋ ውኃና የመንገድ ንጣፍ ኃላፊ ሆነ።

በፓሪስ ሳለ በቧንቧዎች ላይ ረጅም ሙከራ አደረገ። እስከዚያ ድረስ መሐንዲሶች የቧንቧው የውስጥ ግድግዳ መሻከር ወይም መለስለስ ለውጥ አያመጣም ብለው ያሰሉ ነበር። ዳርሲ ግን ውስጡ የሻከረና ዝቃጭ የያዘ ቧንቧ ከአዲሱ በጣም ያነሰ ውኃ እንደሚያሳልፍ አረጋገጠ። በክፍት ቦዮች ላይ የጀመረውን ተመሳሳይ ሙከራ ሳይጨርሰው ቢሞትም፣ ረዳቱ አንሪ ባዘን በሲሚንቶ፣ በሳንቃ፣ በጡብና በጠጠር በተሠሩ ቦዮች ላይ ቀጥሎ ውጤቱን በ1865 አሳተመው። ሣር የበቀለበትና ደለል የያዘ የመስኖ ቦይ ለግርጌው ገበሬ የሚደርሰውን ውኃ ለምን እንደሚቀንስ የሚነግረን ይኸው ጥናት ነው። የቦይ ጠረጋ ዘመቻ ለይምሰል አይደለም ማለት ነው።

ዳርሲ ጤናው እየደከመ ስለ ሄደ በ1855 ከመደበኛ ሥራው ተነስቶ በምርምር እንዲቆይ ተፈቀደለትና ዲዦን ተመለሰ። እዚያም በከተማው ሆስፒታል ግቢ አንድ የብረት ቧንቧ አቁሞ፣ አሸዋ ሞልቶ፣ ከላይ ውኃ እየለቀቀ ከታች የሚወጣውን መለካት ጀመረ። ያገኘው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። አሸዋውን የሚገፋው የውኃ ከፍታ ልዩነት በእጥፍ ሲጨምር የሚያልፈው ውኃ በእጥፍ ይጨምራል። ከፍታው ሳይለወጥ የአሸዋው ውፍረት እጥፍ ሲሆን ደግሞ የሚያልፈው ውኃ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚህ ሌላ የአሸዋው ዓይነት የራሱ መለኪያ አለው፤ ሻካራው ብዙ፣ ደቃቁ ጥቂት ያሳልፋል። ይህን በ1856 ስለ ዲዦን ውኃ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ በአባሪነት አወጣው። የዳርሲ ሕግ የሚባለው ይህ ነው።

ሕጉ ከዲዦን ወጥቶ ወደ እርሻ የገባው በሌሎች እጅ ነው። ዱፕዊ የተባለው የሙያ ባልደረባው ለጉድጓድ ውኃ ስሌት አዋለው። ኋላም በሃያኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ የአፈር ሊቃውንት የማጠንፈፊያ ቦዮች በምን ያህል ርቀት መቆፈር እንዳለባቸው አሰሉበት። አሸዋማ አፈር ውኃውን ቶሎ ስለሚያሳልፍ ቦዮቹ ይራራቃሉ፤ ሸክላማ አፈር ደግሞ አንቆ ስለሚይዝ ይቀራረባሉ። በአገራችን ደጋ በሚገኘው ጥቁር የዋልካ አፈር አንዴ ከረጠበ ውኃ የሚሰርገው እጅግ ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ውኃው ወደ ታች ይወርዳል ብሎ መጠበቅ ሰብሉን ማበስበስ ነው። ገበሬው ፈሰስ የሚያወጣው፣ በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎችም በእጃቸው ሰፋፊ መደብ እየሠሩ ውኃውን ከላይ የሚያስወግዱት ለዚህ ነው። የእነዋሪን ዘዴ ያዩ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ የአገሩን ማረሻ አሻሽለው መደብ የሚያወጣ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠርተዋል። የማጠንፈፍ ነገር ሲዘነጋ የሚደርሰውን ደግሞ የመካከለኛው አዋሽ የጥጥ እርሻዎች አይተውታል። በመስኖ ብዛት የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ እየወጣ በመልካ ሰዲና በአሚባራ ሰፊ መሬት በጨው ተጠቅቷል።

ዳርሲ መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1858 ፓሪስ ሳለ በሳምባ ምች ሞተ። ዕድሜው 54 ዓመት ነበር። አስከሬኑ በባቡር ተጭኖ ዲዦን ሲደርስ የከተማው ሹማምንትና ሕዝቡ ወጥተው ተቀበሉት። የከተማው ምክር ቤትም ወዲያው ተሰብስቦ ማጠራቀሚያው ያለበትን አደባባይ በስሙ ሰየመው። በ1880 በማጠራቀሚያው ላይ የሕዝብ መናፈሻ ተሠራ፤ እሱም የዳርሲ አትክልት ሥፍራ ተባለ።