ከድሆች ጎረቤት የኖረችው መምህርት ሜሪ ማክኪሎፕ

በገጠር ትምህርት ቤት ለማቋቋም የሚነሳ ማኅበር ሁሉ ከሚገጥሙት ችግሮች አንዱ መምህር አግኝቶ በገጠሩ ማኖር ነው። ቤቱን በሕዝቡ ጉልበትና በአካባቢው እንጨት መሥራት ይቻላል። የገጠሩን ኑሮ ያልለመደ መምህር ግን ጥቂት ሰንብቶ ወደ ከተማ ሲመለስ፣ ቤቱ ባዶውን ይቀራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውስትራሊያ ገጠር ይኖሩ የነበሩ አነስተኛ ገበሬዎች፣ እረኞችና የማዕድን ቆፋሪዎችም በዚሁ ችግር ልጆቻቸውን ሳያስተምሩ ኖረዋል። ለችግሩ መላ ካበጁት ሰዎች መካከል ስሟ በሰፊው የሚታወቀው ሜሪ ማክኪሎፕ የተባለችው የካቶሊክ መነኩሲት ናት።

ሜሪ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1842 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ ተወለደች። ወላጆችዋ ከስኮትላንድ ደጋ አገር ተሰድደው የመጡ ሰዎች ሲሆኑ፣ እርሷ ከስምንት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበረች። አባትዋ የተማሩ ሰው ቢሆኑም እርሻውም ንግዱም አልሰመረላቸውም። በዚህም ምክንያት ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ በዘመድ ቤት እየተጠጋ ይኖር ነበር። ሜሪ ገና በልጅነትዋ ደመወዝ ፈላጊ ሆና በጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ በጸሐፊነት ተቀጠረች፤ የምታገኘውም ገንዘብ ለእናትዋና ለታናናሾችዋ መተዳደሪያ ነበር። ድህነትን በወሬ ሳይሆን በራስዋ ቤት አይታ አውቃዋለች።

እ.ኤ.አ. በ1860 የ18 ዓመት ወጣት ሳለች፣ በደቡብ አውስትራሊያ ፔኖላ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ አጠገብ ወደሚኖሩ ዘመዶችዋ ሄዳ የልጆቻቸው አስተማሪ ሆነች። በዚያ አካባቢ ሰፋፊው መሬት በትላልቅ በግ አርቢዎች እጅ ነበር። የበግ ጠጉር ሸላቾች፣ እረኞች፣ አጥር ሠሪዎችና አነስተኛ ገበሬዎች በየሜዳው ተበታትነው ይኖሩ ነበር። የባለጠጋው ልጅ በቤቱ መምህር ሲቀጠርለት፣ የሠራተኛው ልጅ ግን ፊደል ሳይቆጥር ያድጋል። ሜሪ ይህን ባየች ጊዜ የሠራተኞቹን ልጆች ጠርታ ከዘመዶችዋ ልጆች ጋር አብራ ማስተማር ጀመረች።

የአካባቢው ቄስ አባ ጁሊያን ቴኒሰን ዉድስ በፈረስ ከመንደር መንደር እየዞሩ ሕዝቡን የሚያገለግሉ፣ ስለ ድንጋይና ስለ መሬት አፈጣጠርም የሚመራመሩ ሰው ነበሩ። በሚዘዋወሩበት አገር ሁሉ ልጆች ያለ ትምህርት ሲያድጉ ያዩ ስለነበር ነገሩ ያሳስባቸው ነበር። የደቡብ አውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1851 ጀምሮ ለሃይማኖት ተቋሞች ይሰጥ የነበረውን እርዳታ በማቆሙ፣ ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚጠበቅ ገንዘብ አልነበረም። ሁለቱ ተመካክረው እ.ኤ.አ. በ1866 በፔኖላ ያገለገለ የፈረስ ጋጣ ወስደው ትምህርት ቤት አደረጉት። ጋጣውን ያደሰው የሜሪ ወንድም ነበር፤ እህቶችዋም በማስተማሩ ሥራ አገዙዋት። በሚቀጥለው ዓመት ሜሪ ወደ አደሌድ ከተማ ተዛውራ የምንኩስና ቃል ኪዳን ገባች። ማኅበሩም የቅዱስ ዮሴፍ እህቶች ተባለ።

ይህን ማኅበር በዚያን ጊዜ ከነበሩት ሌሎች የመነኮሳት ማኅበሮች የለየው የአኗኗሩ ደንብ ነው። በዚያ ዘመን መነኮሳት በብዛት የሚኖሩት በታላላቅ ገዳም ሲሆን፣ ተማሪው ወደ እነርሱ ይሄዳል እንጂ እነርሱ ወደ ተማሪው አይሄዱም ነበር። የዮሴፍ እህቶች ግን ሁለትና ሦስት እየሆኑ ሰፋሪው ካለበት፣ ማዕድን ከሚቆፈርበትና የባቡር ሐዲድ ከሚዘረጋበት ቦታ ድረስ ሄደው እንደ ጎረቤት በሚገኘው ጎጆ ይኖሩ ነበር። መክፈል የሚችል ጥቂት ይከፍላል፤ የማይችል ልጅ ግን በገንዘብ ምክንያት አይመለስም። እህቶቹ የግል ሀብት አልነበራቸውም፤ ምግብ ሲያልቅባቸውም ለምነው ይበሉ ነበር። ከትምህርቱ ሥራ ሌላ ለሙት ልጆች፣ ጧሪ ላጡ ሽማግሌዎችና ከእስር ቤት ወጥተው መጠጊያ ላጡ ሴቶች መኖሪያ አቋቋሙ።

ሕዝቡ ይህን ሥራ ፈጥኖ ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ1871 እህቶቹ ከአንድ መቶ በላይ ሆነው በደቡብ አውስትራሊያና በኩዊንስላንድ ያስተምሩ ነበር። ከዕድገቱ ጋር ግን ችግርም መጣ። አባ ዉድስ የገቡት ዕዳ በዛ። በአንዳንድ ቄሶች ዘንድም ቅሬታ ተነሳ። ከዚህም ሌላ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 እህቶቹ አንድ ቄስ በልጆች ላይ የፈጸመውን በደል ለበላዮች አስታወቁ፤ ቄሱም ከአገሩ እንዲወጣ ተደረገ። ሆኖም የዚያ ቄስ ባልደረባ የነበረ ሌላ ቄስ በእህቶቹ ላይ ቂም ያዘ። ይህ ሰው ወደ ጳጳሱ የሚቀርብ በመሆኑ ነገሩ እየከረረ ሄደ።

የአደሌድ ጳጳስ ሎረንስ ሺል እያንዳንዱ የእህቶች ቤት በየአካባቢው ቄስ ሥር እንዲሆን ደንቡን ለመለወጥ ፈለጉ። ሜሪ ይህ ከሆነ ማኅበሩ ተበጣጥሶ ድሀ ካለበት ሩቅ ቦታ መድረስ እንደማይችል በመረዳት ለውጡን ልትቀበል እንደማትችል አስታወቀች። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 1871 ጳጳሱ አለመታዘዝ አሳይታለች በማለት ከቤተ ክርስቲያን ለይተው አወገዟት። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ እህቶችም ከቤታቸው ተባረሩ። ለተባረሩት ማደሪያ ቤት ከሰጡት ሰዎች አንዱ ኢማኑኤል ሰለሞን የሚባሉ የአይሁድ ተወላጅ ነበሩ። ሜሪ በዚህ ጊዜ ሕዝቡን በጳጳሱ ላይ አላስነሳችም፤ ስለ ጳጳሱም ክፉ እንዲነገር አልፈቀደችም። ደንቡን በሚመለከት ግን ከአቋምዋ አልተንቀሳቀሰችም። ከአምስት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1872፣ ጳጳሱ በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ ውግዘቱ እንዲነሳላት አዘዙ።

ሜሪ የማኅበሩ ዕጣ በአንድ ጳጳስ ፈቃድ ሊወድቅና ሊነሳ እንደማይገባው ተረድታ፣ እ.ኤ.አ. በ1873 በመርከብ ወደ ሮም ተጓዘች። በሮም የማኅበሩ ደንብ ከተመረመረ በኋላ ሁለት ነገሮች ተወሰኑ። አንደኛው፣ እህቶቹ በሙሉ በሚመርጧት አንዲት የበላይ እመቤት ሥር በአንድነት እንዲተዳደሩ የሚል ሲሆን፣ ይህ እርሷ የጠየቀችው ነው። ሁለተኛው፣ ማኅበሩ ፈጽሞ ንብረት አይኑረው የሚለው የመጀመሪያው ደንብ ተሽሮ ቤትና መሬት እንዲኖረው የሚፈቅድ ነው። አባ ዉድስ በዚህ ለውጥ እጅግ አዝነው ከእርሷ ተለያዩ። ይሁንና ሜሪ ለጀማሪው ሰው ያላትን አክብሮት አልተወችም፤ በኋላም የሕይወት ታሪካቸውን ጽፋለች። በ1875 ወደ አገርዋ ተመልሳ በእህቶቹ ምርጫ የማኅበሩ የበላይ ሆነች።

ከምርጫው በኋላም ትግሉ አላበቃም። የባተርስትና የብሪዝበን ጳጳሳት በየሀገረ ስብከታቸው ያሉትን እህቶች በራሳቸው ሥር ለማድረግ ፈለጉ። ሜሪ ደንቡን ከማፍረስ ይልቅ እህቶቹን ከባተርስት በ1876፣ ከኩዊንስላንድም እስከ 1880 ድረስ አስወጣች። ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፤ ብዙ ልጆች አስተማሪ አጥተዋልና። በ1883 ደግሞ የአደሌድ ጳጳስ ከዕዳና ከመጠጥ ጋር በተያያዘ ክስ ምክንያት ከከተማው እንድትወጣ አዘዙ። ሜሪም ወደ ሲድኒ ሄደች። በ1885 ከበላይነትዋ ተነሥታ በምትክዋ እማሆይ በርናርድ ዎልሽ ተሾሙ።

በዚህ ጊዜ ያሳየችው ጠባይ ከሁሉ በላይ የሚታወስ ነው። ማኅበሩን የመሠረተችና በእህቶቹ የተመረጠች ስትሆን፣ ደጋፊዎችዋን ይዛ ለመገንጠል አላሰበችም። በአዲሲቱ የበላይ ሥር ሆና በየአውራጃው ያሉትን ትምህርት ቤቶች እየዞረች ትጎበኝና በደብዳቤ ታበረታታ ነበር። በ1888 ከሮም በመጣው ውሳኔ የማኅበሩ አንድነትና መቀመጫው በሲድኒ መሆኑ ጸደቀ። ይህም የታገለችለት ዓላማ፣ እርሷ በሥልጣን ላይ ሳትኖር፣ በመጨረሻ ግቡን መምታቱን ያሳያል። እማሆይ በርናርድ በ1898 ሲሞቱ እህቶቹ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሜሪን እንደገና መረጡ።

በ1902 በኒው ዚላንድ ሳለች ድንገተኛ ሕመም አግኝቷት ቀኝ ጎንዋ ሽባ ሆነ። በግራ እጅዋ መጻፍን ተለማምዳ ሥራዋን ቀጠለች፤ በ1905ም እንደገና ተመረጠች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 1909 በሰሜን ሲድኒ በ67 ዓመት ዕድሜዋ ዐረፈች። በዚያን ጊዜ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ በማኅበሩ ሥር የሚተዳደሩት ትምህርት ቤቶች ከአንድ መቶ በላይ ነበሩ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2010 ቅድስት ብላ ሰይማታለች፤ ከአውስትራሊያ ይህን ማዕርግ ለማግኘት የመጀመሪያዋ ናት።

የሜሪ ማክኪሎፕ ሕይወት ማኅበር ለሚመሩ ሰዎች የሚያስተምረው ብዙ ነው። ሥራ የሚጀመረው ገንዘብ እስኪሟላ በመጠበቅ ሳይሆን በእጅ ባለው ነገር ነው፤ አሮጌ ጋጣም ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። መምህር፣ የጤና ሠራተኛ ወይም የእርሻ ባለሙያ ከሕዝቡ ጋር ጎረቤት ሆኖ ካልኖረ ሥራው ሥር አይሰድም፤ ስለዚህ ለእንግዳው ሠራተኛ ማደሪያ ማዘጋጀት ከትምህርት ቤቱ ግንባታ እኩል ሊታሰብበት ይገባል። የጋራ ደንብ በአንድ ሰው ቁጣ እንዳይፈርስ አስቀድሞ በጽሑፍ መስፈርና መጽናት አለበት። መሪ በተሻረ ጊዜም የሚፈተነው ማኅበሩን ይዞ በመውደቅ ሳይሆን፣ ተተኪውን በማገዝ ነው። የራሱ ወንበር ከማኅበሩ ሥራ የሚበልጥበት ሰው ሁለቱንም ያጣል።