ጀምስ ብሩስ፦ በጣና ዙሪያ የለካና የተለካ ሰው

ርዝመት፣ ጊዜ፣ መጠነ ቁስ፣ ሙቀትና ግፊት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሳይንስ ደብተር ላይ ቀድመው የሚሰፍሩ ቃላት ናቸው። ተማሪው ትርጓሜያቸውን ይሸመድዳል፤ ፈተናው ሲያልፍ ግን አብዛኛውን ይረሳል። እነዚህ ቃላት በአገራችን ምድር፣ በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በመሣሪያ ተፈትነው በቁጥር የተመዘገቡበት አንድ የቆየ ታሪክ አለ። ባለታሪኩ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ስሙ ከዓባይ ምንጭ ጋር ተያይዞ በሰፊው ይታወቃል፤ እዚህ የሚተረከው ግን በተለይ የለኪነት ሕይወቱ ነው፤ ይኸውም ምኑን በትክክል እንደ ለካ፣ የቱ ላይ እንደ ሳተ፣ የማንንስ ልፋት ለራሱ እንዳደረገ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ ዲሴምበር 14 ቀን 1730 በስኮትላንድ፣ ኪናርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። በእንግሊዝ አገር በሃሮው፣ ኋላም በኤድንበርግ ተማረ፤ የተመረጠለትን የሕግ ትምህርት ግን አልወደደውም። በ1754 የአንድ ወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አግብቶ በንግዱ ውስጥ ገባ። ዳሩ ግን ሚስቱ ጋብቻቸው ዓመት ሳይሞላው በፓሪስ ሞተችበት። ከዚያ ወዲህ ልቡ ወደ ጉዞና ወደ ቋንቋ ጥናት አዘነበለ፤ ዐረብኛንና ግዕዝንም ማጥናት ያዘ። አባቱ በ1758 ሲሞት የወረሰው ርስት የድንጋይ ከሰል ነበረበት፤ በ1759 የተቋቋመው የካሮን ብረት ፋብሪካም ይህን ከሰል ይገዛ ጀመር። እንግዲህ ብሩስን እስከ ግሽ ዓባይ ካደረሰው ገንዘብ ከፊሉ ከብረት ማቅለጫ ምድጃ የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

በ1763 የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ሆኖ አልጀርስ ገባ። በሰሜን አፍሪካ የሚገኙትን የሮማውያን ፍርስራሾች በሥዕል ለማስቀረት በማሰቡ በ1737 በቦሎኛ የተወለደውን ሉዊጂ ባሉጋኒን፣ ጎበዝ ሠዓሊና የሕንጻ ንድፍ ዐዋቂ የሆነውን ወጣት፣ ቀጠረ። በሊቢያ ጠረፍ መርከባቸው በመሰበሩ ከነፍሱ በቀር የያዛቸውን መሣሪያዎች አጣ። ማዕዘን መለኪያ የሌለው መንገደኛ አየሁ ከማለት አልፎ ለካሁ ሊል አይችልምና፣ ወደ አውሮፓ ደብዳቤ እየጻፈ ምትክ ፈለገ። በመጨረሻ በታዋቂው የተፈጥሮ ሊቅ በቡፎን አማላጅነት የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ኳድራንት የተባለውን ትልቅ ማዕዘን መለኪያ በስጦታ ላኩለት። ይህ ከባድ መሣሪያ ከቴሌስኮፑ፣ ከቴርሞሜትሩና ከባሮሜትሩ ጋር ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በሰው ትከሻ የትግራይን ተራራ ወጥቶ ጎንደር ድረስ ተጓዘ።

ብሩስና ባሉጋኒ በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ደረሱ፤ በፌብሩዋሪ 1770 አጋማሽ ጎንደር ገቡ። ዘመኑ የመሳፍንት ፉክክር የበረታበት፣ ወጣቱ ንጉሥ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት በዙፋን ላይ ቢቀመጡም ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ የነበረበት ነው። በከተማው ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና ብሩስ በቁስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ፣ የወይዘሮ አስቴርን ልጆች አስታመመ። ሕሙማኑን ከታፈነው ክፍል ንጹሕ አየር እንዲያገኙ በማድረጉና ከሕመሙም የዳኑ በመኖራቸው የቤተ መንግሥቱን እምነት አተረፈ። ሕዝቡ ያጎቤ እያለ ይጠራው ጀመር፤ ንጉሡም ባለሟል አደረጉት።

በዚያው ጊዜ በአንድ ግብዣ ላይ ከራስ ሚካኤል የእኅት ወይም የወንድም ልጅ ከነበረው ከነፍጠኞቹ አለቃ ከገብረ መስቀል ጋር ተጣላ። የጠቡ መነሻ የነፍጥ ተኩስ ነበር። ብሩስ በሞራ ሻማ ቁራጭ ተኩሶ ከብረት ጥይት የበለጠ ጉዳት ማድረስ እንደሚችል ተናገረ፤ ሰሚውም እንደ ፌዝ ቆጠረው። ነገሩ ንጉሡ ጆሮ ደርሶ በፊታቸው እንዲፈተን ተደረገ። ግማሹ ሻማ ተደራርበው የቆሙ ሦስት ጋሻዎችን በሳ፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ከሾላ እንጨት የተሠራ ጠረጴዛ በስቶ አለፈ። ከተመልካቹ ብዙው ሰው ጥንቆላ መሰለው።

ነገሩ ግን የ8ኛ ክፍል ትምህርት ነው። የገብረ መስቀል ስሕተት ዛሬም ተማሪ ሁሉ የሚስተው ስሕተት ነው፤ የመብሳት ኃይል ከዕቃው ጥንካሬ ብቻ የሚመጣ ይመስላል። የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ግን የመጠነ ቁሱ ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር ሲባዛ የሚገኝ ነው። መጠነ ቁሱ እጥፍ ሲሆን ኢነርጂው እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ኢነርጂው አራት እጥፍ ይሆናል። ለምሳሌ 30 ግራም ሻማ በሰከንድ 300 ሜትር ቢወረወር 1350 ጁል ይይዛል፤ ይህም ግማሽ ኩንታል ጤፍ ወደ 2.75 ሜትር ከፍታ ለማንሣት የሚበቃ ነው። ሻማው ተጨፍልቆ ወደ ጎን ለመበተን ፋታ ሳያገኝ ይህን ሁሉ በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ያራግፈዋል። ብሩስ በጎንደር ያሳየው ይህንኑ ነበር፤ ስሌቱን ለተመልካቹ ያስረዳው ግን አልነበረም፤ ስለዚህ ትዕይንቱ ዝና ሆኖ ቀረ እንጂ ዕውቀት ሆኖ አልተስፋፋም።

በሜይ 1770 ብሩስ የንጉሡን ጦር ተከትሎ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደ ደቡብ ወረደ። ዛሬ ባሕር ዳር ካለችበት ስፍራ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ያየው በዚህ ዘመቻ ነው። ከእርሱ በፊት የመጡት ሚሲዮናውያን የፏፏቴውን ከፍታ 50 ጫማ ገደማ ብለውት ነበር። ብሩስ በልዩ ልዩ ርዝመት የተቆረጡ ዘንጎችን በዐለቱ ላይ እያቆመ ከገመተ በኋላ ወደ 40 ጫማ፣ ማለት ወደ 12 ሜትር፣ እንደሚቀርብ ጻፈ። ትክክለኛው ከፍታ 45 ሜትር ገደማ ነው። ማዕዘን እስከ ሴኮንድ ክፍልፋይ ለማንበብ የሚጥር ሰው የፏፏቴውን ቁመት ከእውነተኛው ሩብ ብዙም ሳያስበልጥ ቀረ!

ስሕተቱ የመሣሪያ እጥረት ሳይሆን የዘዴ ምርጫ ነው። በሚንሸራተትና በጉም በተሸፈነ ዐለት ላይ ዘንግ መቀጣጠል ስሕተትን በስሕተት ላይ መደመር ነው። ከፏፏቴው ግርጌ 100 ሜትር ርቆ የጫፉን ማዕዘን ያነበበ ሰው ግን 24 ዲግሪ ያህል ባገኘ ነበር፤ 12 ሜትር ቢሆን ኖሮ ማዕዘኑ 7 ዲግሪ እንኳ ባልሞላ። ይህ የታንጀንት ስሌት ነው፤ ከወረቀት በተቆረጠ ማዕዘን መለኪያና በክር በተንጠለጠለ ጠጠር ማንኛውም ተማሪ የትምህርት ቤቱን ባንዲራ ሰንደቅ ሊለካበት ይችላል። የቁመቱ ነገር ለመሐንዲስ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በየሰከንዱ 1 ሜትር ኩብ ውሃ ከ45 ሜትር ሲወርድ 441 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ ከ12 ሜትር ሲወርድ ግን 118 ብቻ ነው። በ1964 በዚሁ ስፍራ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሲሠራ መነሻ የሆነው የብሩስ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ምን ዓይነት ተርባይን ይታዘዝ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

የመጀመሪያው ጉዞ በጦርነቱ ምክንያት ከምንጩ ሳያደርስ ቀረ። ብሩስ በኦክቶበር 1770 መጨረሻ እንደገና ከጎንደር ተነሥቶ፣ በጣና ምዕራብ በኩል ዞሮ፣ ኖቬምበር 4 ቀን ግሽ ደረሰ። ከምንጩ ውሃ ቀድቶ በንጉሡ በጆርጅ 3ኛ ስም ጠጣ፤ ደስታው ግን ወዲያው ወደ ትካዜ እንደ ተለወጠበት ራሱ ጽፏል። ሰማዩ ሲጠራ ኳድራንቱንና ቴሌስኮፑን ተክሎ የቦታውን ኬክሮስ 10 ዲግሪ፣ 59 ደቂቃ፣ 25 ሴኮንድ፤ ኬንትሮሱን 36 ዲግሪ፣ 55 ደቂቃ፣ 30 ሴኮንድ ብሎ መዘገበ። ኬክሮሱ ዛሬ ከሚታወቀው የሚለየው በጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ኬንትሮሱ ግን ሩብ ዲግሪ ገደማ፣ ማለት 27 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወደ ምዕራብ ሳተ።

አንድ ሰው፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰሞን ለክቶ በአንዱ ተሳክቶለት በሌላው እንዴት ሳተ? ኬክሮስ ማዕዘን ብቻ ይፈልጋል፤ የፀሐይን ወይም የኮከብን ከፍታ ማንበብ ይበቃዋል። ኬንትሮስ ግን ጊዜ ይፈልጋል። መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር የአንድ ደቂቃ የሰዓት ስሕተት ሩብ ዲግሪ ያሳስታል። ብሩስ ሰዓቱን የሚያስተካክለው የጁፒተር ጨረቃ በፕላኔቷ ጥላ ውስጥ የምትሰወርበትን ቅጽበት እየጠበቀ ነበር፤ ያች የብርሃን ነጥብ የምትጠፋው ቀስ በቀስ ነውና ቅጽበቱን በትክክል ለመቁረጥ አስቸጋሪ ነው። 27 ኪሎ ሜትሩ እንግዲህ ከአንድ ደቂቃ ብዙም ያልራቀ የጊዜ ስሕተት ነው። ለዚያ ዘመን ይህ ነቀፋ አይደለም፤ መልካም ሥራ ነው።

በጎንደርና በቁስቋም ደግሞ ሙቀት፣ የአየር ግፊትና ዝናብ በየዕለቱ ይመዘገብ ነበር። በመዝገቡ መሠረት የዝናቡ መጠን በ1770 ወደ 900 ሚሊ ሜትር፣ በ1771 ወደ 1050 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ በዘመናዊ ጣቢያዎች ከሚታወቀው የጎንደር ዝናብ ጋር ሲተያይ የሚታመን ቁጥር ነው። ዝናብ መለካት ከሁሉ የቀለለ ልኬት ነው፤ በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። ስፋቱ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆነው ጣና ላይ ያው 1 ሚሊ ሜትር 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ቀላልነቱ ግን ትጋትን አይተካም፤ አንድ ቀን የተዘለለ መዝገብ ለዘላለም የተዘለለ ነው።

የዕለት መዝገቡን በመያዝ ትልቁን ድርሻ የተሸከመው ባሉጋኒ ነበር። ባሉጋኒ ከግሽ ጉዞ በኋላ በጎንደር ታሞ ሞተ፤ አገሩን ዳግመኛ አላየም። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ባሉጋኒ ገና ጎንደር እንደ ገቡ የሞተ አስመስሎ አቀረበ፤ ወደ ምንጩ ብቻውን የሄደ ሊመስል ፈለገ። የዕፅዋቱንና የአእዋፉንም ሥዕሎች እንደ ራሱ ሥራ ቆጠራቸው። እንደዚሁም ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን መነኩሴ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ግሽን ማየቱን ሊያምን አልፈቀደም። ሠዓሊውንም መነኩሴውንም ከታሪኩ ለማስወጣት ያደረገው ጥረት ምክንያቱ አንድ ነው፤ የመጀመሪያና ብቸኛ ለመባል መፈለግ።

ብሩስ በዲሴምበር 1771 ከጎንደር ተነሥቶ በስናር በኩል ወደ ኑብያ በረሃ ገባ። ግመሎቹ አልቀው መሣሪያዎቹንና መዛግብቱን በአሸዋ ላይ ጥሎ፣ እግሩ ቆስሎ፣ በኖቬምበር 1772 መጨረሻ አስዋን ደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ነፍሱ በመትረፏ ረክቶ በቀረ ነበር፤ እርሱ ግን ግመል ተከራይቶ ወደ በረሃው በመመለስ ኳድራንቱንና ወረቀቶቹን አነሣ። በግዕዝ የተጻፈው የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂ በእርሱ እጅ ወደ አውሮፓ የገባው ከዚህ ሁሉ ተርፎ ነው።

በ1774 ለንደን ሲገባ ግን የጠበቀውን ክብር አላገኘም። ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት የተናገረውን ብዙ ሰው በሐሰት ቆጠረው፤ የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ተርጉሞ የነበረው ሳሙኤል ጆንሰንም ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ነበር። ብሩስ አኩርፎ ወደ ኪናርድ ገባ፤ 16 ዓመት ቆይቶ በ1790 ባለ አምስት ጥራዝ መጽሐፉን አሳተመ። ኤፕሪል 27 ቀን 1794 አንዲት እንግዳ ለመሸኘት ሲቻኮል ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። በረሃው፣ ፈንጣጣውና የጦር ሜዳው ያልጣሉትን ሰው የገዛ ደረጃው ጣለው።

ከሞቱ በኋላ አሌክሳንደር መሪ የተባለው ሊቅ የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም በ1805 ሲያዘጋጅ በቤቱ የቀሩትን ወረቀቶች መረመረ። ከእነርሱም መካከል ባሉጋኒ በጣልያንኛ የጻፈው የግሽ ጉዞ ማስታወሻ ተገኘ። ሞቷል የተባለው ሰው በጉዞው ላይ ቀንና ሰዓት እየቆጠረ ሲጽፍ ነበር። ብሩስ ያንን ወረቀት አላቃጠለውም፤ ምናልባት የለኪ ልማዱ ከክብር ፍላጎቱ በረታበት ይሆናል።

ሁለቱ ፍርዶች በአንድነት መታየት ይገባቸዋል። ያልተማረው ሕዝብ ሻማውን አይቶ ጥንቆላ አለ፤ የተማረው ለንደን እውነቱን ሰምቶ ውሸት አለ፤ ሁለቱም ልኬት አልጠየቁም። ብሩስን በመጨረሻ የታደገው አንደበቱ ሳይሆን ኬክሮሱና ዝናቡ ነው፤ ማንም ሰው ግሽ ሄዶ ኮከብ ሊለካ፣ ጎንደር ተቀምጦ ዝናብ ሊሰፍር ስለሚችል ነው። ጢስ ዓባይ ላይ የሳተውም በዚሁ መንገድ ተገኘ። መሠረታዊ ሳይንስ ለታዳጊ ተማሪ ሲሰጥ ትርጓሜው ብቻ ሳይሆን ይህ ልማድ አብሮ መሰጠት አለበት፤ ቁጥሩ ከነአለካኩ ይጻፍ፣ የሚጠረጠረው ይነገር፣ መዝገቡን የያዘውም ሰው በስሙ ይፈርምበት። በጎንደር የዝናብ መዝገብ ግርጌ መስፈር የነበረበት የሉዊጂ ባሉጋኒ ስም ነበር።