አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ

መካነ ሥላሴ ዓፄ ናዖድ ያስጀመሩት፣ በልጃቸው በዓፄ ልብነ ድንግል ዘመን የተፈጸመው፣ በ1531 እ.ኤ.አ. በግራኝ አሕመድ ጦር የተቃጠለው ስመ ጥር ቤተ ክርስቲያን የነበረበት አገር ነው። ቦታው ዛሬ በደቡብ ወሎ ይቆጠራል፤ መካነ ሰላምና የቦረና ደጋም በዚያው በጥንቱ ቤተ አምሐራ ምድር ላይ ናቸው። በዚህ ደጋ የሚያድግ ልጅ ቁርን፣ ብርድን፣ ውርጭንና በረዶን ለይቶ የሚያውቀው ፊደል ከመቁጠሩ አስቀድሞ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከዚህ ወጡ።

ካቶሊክነትን ተቀብለው ከፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ስለ ነበሩ፣ ዓፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጡ ወደ ሕንድ ተሻገሩ፤ ኋላም ሮም ገብተው በቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን ቤት ተቀመጡ። በ1649 እ.ኤ.አ. ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ እዚያ አገኛቸው። ግዕዝን ከመጽሐፍ ብቻ ስለ ተማረ አንደበቱ ገና አልተፈታም ነበር። በ1652 እ.ኤ.አ. የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋበዟቸውና አልፕስን ተሻግረው፣ ግንባታው ገና ባላለቀው በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ጥቂት ወራት ከሉዶልፍ ጋር ሠሩ።

ቃላት በድምፅ ስለ ተመሳሰሉ ብቻ ዘመድ አይሆኑም። የጣሊያኑ ካልዶ ሙቅ ማለት ሲሆን የጀርመኑ ካልት ቀዝቃዛ ማለት ነው፤ የካልት እውነተኛ ዘመድ ውርጭ የሚለው የጣሊያን ቃል፣ ጄሎ ነው። የእኛዎቹ ግን በድምፅም በፍችም ይገጥማሉ። የግዕዙ ቍር በዕብራይስጥ ቆር፣ በዓረብኛ ቁር ነው። የእኛ በረዶ በዕብራይስጥ ባራድ ሲሆን፣ ብርድ በዓረብኛ በርድ ይባላል። ሐሩርም በዓረብኛ ሐሩር ነው። ሞቀ ግን ከግዕዝ እስከ ትግርኛና አማርኛ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ዕብራይስጥ ለሙቁ ሐም ይላል። (ሙቀት ለኃይሉም ለመጠኑም አንድ ቃል መሆኑ መሐንዲስን እስከ ዛሬ ያስቸግራል።) እንዲህ ያለውን ዝምድና በሥርዓት ለመመርመር ከብራናው ሌላ ቋንቋውን የሚናገር ሰው ያስፈልግ ነበር።

ሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱን በ1661 እ.ኤ.አ.፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ምንጩን አልሸሸገም። ሆኖም በእኛ ሙያ አነጋገር ልኬቱን የሰጠው አንድ፣ ንድፉን የፈረመው ሌላ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ በ1658 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሥተው ሳለ፣ መርከባቸው በእስክንድሮን አጠገብ ተሰብሮ ሰጠሙ። የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ከመዝገበ ቃላቱ ጋር በፍራንክፈርት የታተመው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1698 እ.ኤ.አ. ነው።