ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስና የሐኪሞች ሥልጠና በኢትዮጵያ

ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ሪፈር ተጽፎለት ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚመጣ ታካሚ በማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ መሆኑን የሚረዳው አልጋውን ከብበው ከሚቆሙት ሐኪሞች ብዛት ነው። መምህሩ፣ ሬዚደንቱ፣ ኢንተርኑና ተማሪው አብረው ይዞራሉ። አንዳንድ ታካሚ በዚህ ቅር ይሰኛል። ሆኖም ይህ አሠራር በአገራችን ሥር እንዲሰድ ረጅም ድካም ተደርጎበታል፤ ከደከሙትም መካከል በቀዳሚነት የሚነሡት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ናቸው።

ፕሮፌሰር አሥራት በሰኔ ወር 1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው በድሬዳዋ አደጉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ አባታቸውን አጡ። ከነጻነት በኋላ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በግብፅ እስክንድርያ በቪክቶሪያ ኮሌጅ ተምረው፣ የሕክምና ትምህርታቸውን በስኮትላንድ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ አጠናቀቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ እንደገና ወደ ኤዲንብራ ተጉዘው በቀዶ ሕክምና ሠለጠኑ። በዚህ ሙያ ዘመናዊ ሥልጠና ካገኙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ሲሆኑ፣ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በቀዶ ሐኪምነትና በኃላፊነት ሠርተዋል።

በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ የሕክምና ዶክተር የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያወጣ ነበር፤ ዶክተር ለመሆን ግን ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም ፕሮፌሰር አሥራት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ ፋኩልቲውንም በዲንነት መርተዋል።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የሚያስተምር ቀዶ ሐኪም አንዱን ኦፕራሲዮን ለብቻው ቢሠራው ከሚወስድበት ጊዜ የበለጠ ይፈጅበታል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ሌላ ታካሚ ወረፋ ይጠብቃል። የዛሬው ታካሚና ከዓመታት በኋላ የሚመረቀው ሐኪም የሚሻሙት ያንኑ መምህርና ያንኑ የኦፕራሲዮን ክፍል ነው። ይህ ሽሚያ እስከ ዛሬም አልቀረም።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ችግሩ ከበደ። በ1967 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲሰማሩ መደበኛው ትምህርት ተቋረጠ። ከውጭ የመጡ መምህራን ቁጥርም ተመናመነ። ብዙም ሳይቆይ የሶማሊያ ጦርነት ተከተለ፤ ቁስለኛው በዛ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ያለውን ሐኪም ሁሉ ወደ ሕክምናው አሰማርቶ የሥልጠናውን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ማቆየት የሚያስወቅስ ውሳኔ አይሆንም ነበር። ፋኩልቲው የመረጠው ግን ሌላ መንገድ ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቀዶ ሕክምናን ጨምሮ የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአገር ውስጥ ጀመረ። ይህ እንዲሆን ብዙ ከጣሩት አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስፔሻሊስት ለመሆን የፈለገ ሐኪም የግድ አገሩን መልቀቅ አላስፈለገውም፤ በሥልጠና ላይ ሳለም እዚሁ ታካሚ ያክማል።

የቡታጅራ ነዋሪዎች ይህንኑ ፋኩልቲ በሌላ ሥራው ያውቁታል። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ የፋኩልቲው የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን ጀመረ። በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትና ሞት ቤት ለቤት እየተመዘገበ ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል። ሥራው የፕሮፌሰር አሥራት አልነበረም፤ ነገር ግን እርሳቸው ካቋቋሙት ቤት የወጣ ነው።

በ1984 ዓ.ም. የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን በሊቀ መንበርነት መምራት ጀመሩ። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲሰናበቱ እርሳቸውም አብረው ተሰናበቱ፤ ፋኩልቲውም ልምድ ያለው መምህሩን አጣ። በ1986 ዓ.ም. ታሰሩ። በእስር ላይ ሳሉ ጤናቸው በጽኑ ታውኮ በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ለሕክምና ወደ ውጭ አገር እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ በ70 ዓመታቸው አረፉ።