የትኬቱን ዋጋ ከፍሎ ከማዕድ የተለየው መንገደኛ፦ ፍሬድሪክ ዳግላስ

በባዕድ አገር የምትኖሩ ከሆነ ይህን ታውቁታላችሁ። አውቶቡሱ ሞልቶ ሰው ቆሞ ሲሄድ ከጎናችሁ ያለው ወንበር ብቻ ባዶ ይቀራል። ሱቅ ስትገቡ ጥበቃው ከኋላ ከኋላችሁ ይላል። በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ደግሞ ብርጭቆና ሳህናችሁ ለብቻው ተለይቶ ሲቀመጥ አይታችኋል። ማንም አልመታችሁም፣ ማንም በአፉ አልሰደባችሁም። ለሌላ ሰው ብታወሩት ደግሞ ነገሩ ትንሽ ስለሚመስል ውጣችሁት ትቀራላችሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ እንዲህ ያለውን ትንሽ የሚመስል ነገር ውጦ መቅረትን እምቢ ስላለ አንድ ሰው ነው።

ፍሬድሪክ ዳግላስን ብዙዎቻችን የምናውቀው የአሜሪካን ባርነት በመታገሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 በሜሪላንድ ግዛት ከባሪያ እናት ተወለደ። ፊደል ያስጀመረችው የአሳዳሪው ሚስት ነበረች፤ ባልዋ ሲከለክላት ልጁ የቀረውን በራሱ ተማረ። በ1838 በሃያ ዓመቱ የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ የሌላ ሰው ወረቀት ይዞ ወደ ሰሜን አመለጠ። ይህ ሁሉ በብዙ መጽሐፍ ተጽፏል። እኔ ልወስዳችሁ የምፈልገው ከ1845 እስከ 1847 ባደረገው የባሕር ማዶ ጉዞ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቤተ ክርስቲያን እንግባ።

ዳግላስ ባርነት በሌለበት በሰሜን፣ ኒው ቤድፎርድ በምትባል ከተማ፣ በጌታ አማኝ እንደ መሆኑ ወደ አንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ጥቁሮች የሚቀመጡት ለብቻቸው ነበር። ዳግላስ በመጀመሪያ ታገሠ። በአዳራሹ ያላመኑ ሰዎችም ስላሉ ለእነርሱ ሲባል የተደረገ ይሆናል ብሎ አሰበ። ከዚያ ጉባኤው ተሰናበተ፣ ያላመኑት ወጡ፣ ለጌታ እራት የቀሩት አማኞች ብቻ ሆኑ። ሰባኪው ኅብስቱንና ጽዋውን መጀመሪያ ለነጮቹ ሁሉ አዳረሰ። የመጨረሻው ነጭ ከተቀበለ በኋላ ነው ጥግ የቆሙትን ጥቂት ጥቁር አማኞች ድምፁን ከፍ አድርጎ የጠራቸው። ዳግላስ ወጥቶ ሄደ፤ ወደዚያ ቤት ዳግመኛ አልተመለሰም። በኋላ የጥቁር ሜቶዲስቶች ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኖ በዚያ ሰብኳል።

እኔ እንደ መጋቢ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሚያስጨንቀኝ ያ ሰባኪ ነው። ያደረገው ነገር ኃጢአት መሆኑ ጨርሶ የታየው አይመስልም፤ የደግነት ሥራ የሠራ እንኳ ሳይመስለው አልቀረም። ጴጥሮስም በአንጾኪያ ከማዕድ ሲያፈገፍግ ወንጌልን የካደ አልመሰለውም ነበር፤ ጳውሎስ ፊት ለፊት የተቃወመው ግን ነገሩን የወንጌል ጉዳይ አድርጎ ነው (ገላትያ ምዕራፍ 2)።

በ1845 ዳግላስ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አሳተመ። በመጽሐፉ የአሳዳሪውን ስም ስለ ጠራ ተይዞ ሊመለስ ይችል ነበር፤ ስለዚህም ባለቤቱንና ልጆቹን ትቶ በነሐሴ ወር ካምብሪያ በተባለች መርከብ ከቦስተን ወደ እንግሊዝ ተነሣ። ወዳጆቹ የተሻለ ክፍል ሊይዙለት ሞከሩ። ለጥቁር አይሰጥም ተባለና በዝቅተኛው ማዕረግ ተሳፈረ። ጄምስ ባፈም የተባለ ነጭ ወዳጁም አብሮት ወደዚያው ወረደ። መርከቧ ልትደርስ ስትል ካፒቴኑ ስለ ባርነት ንግግር እንዲያደርግ ጋበዘው። ባርነትን የሚደግፉ አሜሪካውያን ተንጫጩ፤ ወደ ባሕር እንወረውረዋለን እስከ ማለት ደረሱ። ካፒቴኑ በሰንሰለት አስራችኋለሁ ብሎ ሲያስፈራራቸው ጸጥ አሉ። ሊቨርፑል ሲደርሱ እነዚሁ ሰዎች በጋዜጣ ሊያዋርዱት ሞከሩ። ውጤቱ ግን ስሙን ማንም ባላወቀበት አገር በአንድ ጊዜ ማስተዋወቅ ሆነ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የሆነውን ደግሞ ስሙ። በቼስተር ከተማ አጠገብ ኢተን ሆል የሚባል የመኳንንት ቤት አለ። ዳግላስ ሊጎበኘው ሄደ። በር ላይ ሲደርስ ከካምብሪያ የወረዱ አሜሪካውያን ተራ እየጠበቁ አገኛቸው። ቆመው አዩት፤ ፊታቸው ኮመጠጠ። በሩ ሲከፈት አስተናጋጆቹ ሁሉንም በእኩል አስገቡ። ዳግላስ ይህችን ታሪክ ሲጽፋት ደስታው ከገጹ ላይ ይነበባል። አገሩ ሳለ ወደ እንስሳት ትርኢት፣ ወደ ምግብ ቤት፣ ወደ መርከብ ክፍል፣ ወደ መነቃቃት ስብሰባ ሳይቀር እንዳይገባ በር ላይ ተከልክሏል። የመነቃቃቱን ስብሰባ በር የዘጋበት ዲያቆን ነበር። አሁን ግን በደብሊንም፣ በኮርክም፣ በቤልፋስትም ሲዞር የሚያየው ሰው ሁሉ እንደ ሰው ያስተናግደዋል። በሃያ ሰባት ዓመቱ፣ ቀለሙን ረስቶ መንገድ መሄድ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመሰ።

ነገሩን ግን ከልክ በላይ አናሳምረው። ዳግላስ ራሱ ለአንድ ወዳጁ ሲጽፍ በዚያ አገር ጥቁርነት እንዲያውም ጥቅም እንዳለው፣ እርሱ ግን አባቱ ነጭ ስለ ነበረ ለሰዎቹ ፍላጎት በበቂ ሁኔታ እንዳልጠቆረላቸው እየቀለደ ተናግሯል። ቀልዱ ውስጥ ምሬት አለ። ሰውን እንደ ትርኢት ከብቦ ማየትም ከማዕድ ከማራቅ ጋር ዘመድ ነው። በውጭ አገር አብያተ ክርስቲያናት ለምስክርነት መድረክ ላይ የወጣችሁና ከአምልኮው በኋላ ግን ማንም ቡና ያልጋበዛችሁ ወገኖች ይህን ሳትረዱት አትቀሩም።

ትልቁ ፈተና የመጣው በስኮትላንድ ነው። በ1843 ብዙ ወንጌላውያን አገልጋዮች ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ተለይተው፣ ደመወዛቸውንና ሕንፃቸውን ትተው፣ የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። ለእምነታቸው ዋጋ የከፈሉ ሰዎች ናቸው፤ መሪያቸው ቶማስ ቻልመርስም ስሙ የታወቀ ሰባኪ ነበር። አዲስ ሕንፃ ለመሥራትና አገልጋዮችን ለመደጎም ገንዘብ አስፈለጋቸው። ወደ አሜሪካ መልእክተኞች ላኩ፤ መልእክተኞቹ ከሰበሰቡት ውስጥ ወደ 3,000 ፓውንድ የሚሆነው ባሪያ አሳዳሪዎች ካሉባቸው የደቡብ አብያተ ክርስቲያናት የመጣ ነበር። ዳግላስ በ1846 ከከተማ ከተማ እየዞረ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ገንዘቡ ይመለስ። ጥያቄው በኤዲንብራ ግድግዳ ላይ ተጻፈ፣ በየመንገዱ ተዘመረ። አንዳንድ አማኞች ግን ይህ ሰው የእግዚአብሔርን ሥራ ይበጠብጣል አሉ።

የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪዎች ባርነት ክፉ መሆኑን አልካዱም። ባሪያ ማሳደሩ ብቻውን ግን ሰውን ከጌታ ማዕድ ሊከለክለው አይገባም የሚል መልስ ሰጡ። ልብ በሉ፤ በኒው ቤድፎርድ ባሪያ የነበረው ሰው በማዕዱ ጥግ ቆሞ ይጠብቃል፣ እዚህ ደግሞ የባሪያው አሳዳሪ በማዕዱ ላይ ቦታው ይጠበቅለታል። ዳግላስ ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው ያየው፤ እኔም ትክክል ነበር እላለሁ። ቻልመርስን የማከብር ብሆንም በዚህ ነገር አልደግፈውም። ገንዘቡ አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ደጅ ሳልመለስ ማለፍ አልችልም። በአገራችን በብዙ ስፍራ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ለዘመናት ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ገበታ አልበላም፤ ልጁንም አላጋቡትም። ወንጌል ከገባ በኋላ እንኳ ይህ ልማድ አብሮ ወደ ጸሎት ቤት የገባበት ቦታ አለ። ባሕር ማዶ የሚደርስብንን ስናወራ ይህንንም አብረን እናንሣ።

በ1846 መጨረሻ በኒውካስል የሚኖሩ ኤለንና አና ሪቻርድሰን የተባሉ የክዌከር ሴቶች ባስተባበሩት ገንዘብ፣ በ150 ፓውንድ፣ የዳግላስ ነጻነት ከአሳዳሪው ተገዛ። ቤተሰቡን አምጥቶ እንዲቀር የለመኑት ወዳጆች ነበሩ። እርሱ ግን ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚሆኑ ወገኖቹ በባርነት ሳሉ በሰላም አገር መቀመጥን አልፈለገም።

ለመመለስ ለንደን ላይ በዚያችው በካምብሪያ የአንደኛ ማዕረግ ትኬት ቆረጠ፤ ዋጋው 40 ፓውንድ ከ19 ሽልንግ ነበር። ቀለሙ እንቅፋት እንደማይሆንበት አስቀድሞ ጠይቆ አረጋግጧል። ሚያዝያ 1847 ሊቨርፑል ሲደርስ ግን ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ተባለ። መሳፈር ከፈለገ ምግቡን ለብቻው ሊበላ፣ ከሌሎቹ መንገደኞች ጋር ላይቀላቀል ተስማምቶ ነው። ነጻ ሰው ሆኖ፣ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ፣ ባርነት በሌለበት አገር ወደብ ላይ!

ቤተሰቡን ካየ ሃያ ወር ስላለፈው ተሳፈረ። ከመነሣቱ በፊት ግን ነገሩን ለታይምስ ጋዜጣ ጽፎ ላከ። ጋዜጣው አወጣው፣ በርእሰ አንቀጹም ድርጊቱን ኮነነ፤ ሌሎች ጋዜጦችም ተቀባበሉት። የመርከብ ድርጅቱ ባለቤት ሳሙኤል ኩናርድ በጋዜጣ ማዘኑን ገልጦ እንዲህ ያለ ነገር በመርከቦቹ ላይ ዳግመኛ እንደማይደረግ አስታወቀ። ዳግላስ ይህ ሁሉ ሲሆን በውቅያኖሱ መካከል ብቻውን እየበላ ነበር።

አሜሪካ ገብቶ በሮቸስተር ከተማ ኖረ፣ በዚያም ጋዜጣ ጀመረ። በ1848 የዘጠኝ ዓመት ልጁን ሮዜታን ከፍሎ በግል ትምህርት ቤት አስገባት። ልጅቱ ግን ከሌሎቹ ተለይታ ለብቻዋ በአንድ ክፍል እንደምትማር ነገረችው። አባትየው ሄዶ ሲከራከር፣ ርእሰ መምህርቷ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ሮዜታ የት ትቀመጥ ብላ ጠየቀቻቸው። ሁሉም አጠገቤ ትሁን አሉ። ከወላጆች አንድ ሰው ብቻ ተቃወመ፤ ልጅቱ በዚያ አንድ ሰው ምክንያት ከትምህርት ቤቱ ወጣች። ዳግላስ ለዚያ ሰው ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ በጋዜጣው ላይ አወጣው።