ኤድሞንዶ ፋብሪ

ኤድሞንዶ ፋብሪ (እ.ኤ.አ. 1921–1995) የጣሊያን እግር ኳስ ተጫዋችና አሰልጣኝ ነበር። በሰፊው የሚታወቀው በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ በሰሜን ኮሪያ የተሸነፈውን የጣሊያን ብሔራዊ ቡድን በመምራቱ ነው። ሆኖም ከዚያ ጨዋታ በፊትም ሆነ በኋላ ትልልቅ ውጤቶችን አስመዝግቧል።

የተጫዋችነት ዘመን

ፋብሪ በሰሜን ጣሊያን በምትገኘው በካስቴል ቦሎኜዜ ከተማ ኖቬምበር 16 ቀን 1921 ተወለደ። ቁመቱ አጭር ሲሆን በቀኝ ክንፍ ይጫወት ነበር። ኢንተርን፣ አታላንታንና ሳምፕዶሪያን ጨምሮ ለብዙ ክለቦች ተሰልፏል፤ ለብሔራዊ ቡድኑ ግን ተጫውቶ አያውቅም።

ከማንቶቫ ወደ ብሔራዊ ቡድን

በ1950ዎቹ መጨረሻ በታችኛው ዲቪዚዮን ይጫወት የነበረውን ማንቶቫን ተረከበ። ቡድኑን ደረጃ በደረጃ አሳድጎ በ1961 ወደ ሴሪ አ አስገባው፤ በአጨዋወቱም ማንቶቫ «ትንሿ ብራዚል» ተባለ። በ1962 ጣሊያን ከቺሊው የዓለም ዋንጫ በመጀመሪያው ዙር ስትሰናበት ብሔራዊ ቡድኑ ለፋብሪ ተሰጠ። ቱርክን 6 ለ 0፣ በሜይ 1963 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮኗን ብራዚልን 3 ለ 0 አሸነፈ። ፋኬቲና ማዞላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአገራቸው የተሰለፉት በእሱ ዘመን ነው።

የ1966 ሽንፈት

በእንግሊዝ ጣሊያን ቺሊን 2 ለ 0 ካሸነፈች በኋላ በሶቪየት ኅብረት 1 ለ 0 ተረታች። ጁላይ 19 ቀን በሚድልስብራ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ስትገናኝ ለማለፍ አቻ መውጣት ይበቃት ነበር። ፋብሪ ጉልበቱን የሚያመውን ቡልጋሬሊን አሰለፈ። ተጫዋቹ ከእረፍት በፊት ተጎድቶ ወጣ፤ በዘመኑ ቅያሪ ስለማይፈቀድ ቡድኑ በ10 ሰው ቀረ። በ42ኛው ደቂቃ ፓክ ዱ ኢክ ብቸኛዋን ግብ አስቆጠረ። ቡድኑ ጄኖቫ ሲደርስ ደጋፊዎች በቲማቲም ወርውረው ተቀበሉት። ፋብሪ ተሰናበተ፤ የጣሊያን ክለቦችም እስከ 1980 ድረስ ከውጭ አገር አዲስ ተጫዋች እንዳያስመጡ ተከለከሉ።

ከዚያ በኋላ

ፋብሪ ቶሪኖን ይዞ በ1968 የጣሊያንን ዋንጫ አነሣ፤ በዚያ የውድድር ዘመን የክንፍ ተጫዋቹ ጂጂ ሜሮኒ በመኪና አደጋ ሞቶ ነበር። በ1970 ይህንኑ ዋንጫ ከቦሎኛ ጋር ደገመው። ቡልጋሬሊ በዚያ ቡድን ውስጥ ነበር። ጣሊያን በ1968 የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነችው የፋብሪ ረዳት በነበረው በቫልካሬጂ አሰልጣኝነት ሲሆን፣ ፋኬቲና ማዞላም ከአሸናፊዎቹ መካከል ነበሩ። ፋብሪ ጁላይ 8 ቀን 1995 አረፈ።